የአንሶላው ሌላ ጫፍ

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። ሌላ ማንንም አልከስም። ይህን ከተነፈስኩ በኋላ ሰላምታዬን ላቅርብ፤ ተናደድኩ ብዬ ሰላምታ አላስቀርም፣ እናታችን እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችንም።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ሲያይ መንቀጥቀጡን ተወ ወይስ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው? ባልሽስ፣ ሳሉ ቀለል አለለት? ትንሹ ልጅሽ ፈተናውን አለፈ? አማትሽስ እንዴት ናቸው፣ ዛሬም የጠየቋቸውን ትተው ያልጠየቋቸውን ይመልሳሉ? እኔ ከዚህ ጠላቴ ከሆነው ወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፣ ተመስገን።

ጽሕፈቴ ቢጣመም አትሳቂ። አንቺ ደብተርሽን ታቅፈሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ወንድሞቻችንን አዝዬ እቤት ስለቀረሁ፣ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ይዘው ሁለት ቤት መያዛቸው ዛሬም ያናድደኛል። ለምን አትደውዪም እንዳትዪኝ፤ ስልክ ላይ ቶሎ ታለቅሺና ታሸንፊኛለሽ። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

አምና፣ "ልጄና ባሏ ወደ አንቺ እየመጡ ነው፤ ከአንቺ በቀር የሚያውቁት የለም፣ ዐይን ሁኛቸው" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሆንኩ። ሻንጣቸውን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው ሲመጡ በር ከፈትኩ፣ አልጋዬን ለቀቅኩ፣ እኔ ማእድ ቤት ያለው ሶፋ ላይ ተጣጥፌ መተኛት ጀመርኩ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብረት ይባላል፤ የአንቺዎቹ ግን ከወርቅነታቸው አልወርድ አሉ። የሕንፃው ጠባቂ እኔ ስንት ዓመት ስወጣ ስገባ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም፤ ለሙሽሮቹ ግን ከወንበሩ ተነስቶ በር ይይዝላቸው ጀመር። ሙሽሮቹ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከተጋቡ ቆይተዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን እሷ ስታስነጥስ መሐረብ የሚያወጣው እሱ ነው። የዚህን አገር ቋንቋ እንኳ የለመዱት ሰሃን ሲያጥቡ እየተጠያየቁ ነው፤ እሱ ማንኪያውን ያነሳና "ይሄ ምን ይባላል?" ይላታል፣ የተሳሳተ ያደርቃል። እኔ የለመድኩት ሲሰድቡኝ "ምን አሉኝ?" እያልኩ ነው።

ሥራም ያገኙት በእኔ ነው። ሆቴሉ ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ወሰድኳቸውና አለቃችንን "የእህቴ ልጆች ናቸው፣ ዋሳቸው እኔ ነኝ" አልኩት። እኔ ለዚያች ሥራ የስንቱን በር እንዳንኳኳሁ ታውቂያለሽ፤ እነሱ በአንድ ጠዋት ሽርጥ ተሰጣቸውና እኔ ወዳለሁበት አንሶላ ማጠፊያ ገቡ። የመጀመሪያ ቀን ከማድረቂያው የወጣ አንሶላ የልጅሽን ጣት ሲያቃጥላት፣ ባሏ ሥራውን ጥሎ እፍ እፍ ይልላታል። እኔን ሲያቃጥለኝ እፍ ያለልኝ ማራገቢያው ብቻ ነበር።

ስለ ሁለቱ ባሎቼ ደግሞ ነግሬሽ አላውቅም። አትደንግጪ። ትልቅ አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። እዚያ ክፍል ሁሉም ከቋንቋው ሰው ጋር ይጣመራል፤ የእኔን የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩ። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ለእነሱ አስነክሼ፣ ወደ ኋላ ሄጄ ወጥሬ፣ መሐሉን በአገጬ ይዤ ብቻዬን አጥፋለሁ። በካውያ የምትተኩሰዋ ሴትዮ፣ ተኳሿ እንበላት፣ አፏ ሥራ አይፈታም፤ መቆንጠጫዎቹን ባሎችሽ ትላቸዋለች። ጨርቁ ካመለጠኝ "ዛሬ ባሎችሽ አኩርፈዋል፣ ምን ብለሻቸው ነው?" ትለኛለች። አለቃችንም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ያመጣና "ይቺ ሴት ብቻዋን የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች" ይል ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እኔ ብቻዬን ስንቱን አንበሳ አስሬ ኖሬያለሁ።

ሙሽሮቹ መጡና ይህ ሁሉ ሙገሳ ቀረ። ሲያጥፉ ብታያቸው! አይነጋገሩም። እሱ ሲስብ እሷ ታላላለች፣ አንሶላው አንዴ ጧ ይላል፣ ወደ መሐል ይመጣሉ፣ ጫፉን ስታስረክበው ጣቷ እጁ ላይ ትንሽ ይቆያል። ያቺ ትንሽ ናት የምታንገበግበኝ። አለቃችን አሁን የሚያሳየው እነሱን ነው። ቀንተሽ ነው ትይኛለሽ። አዎ ቀንቻለሁ፣ ታዲያስ? ሰው በሰው ካልቀና በድንጋይ ይቅና?

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ባሎቼ የሉም። ግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳው ብቻ ነው። እኔ ሳልፈታቸው አማችሽ ፈታቸው! ልጮህ አፌን ስከፍት፣ "እትዬ፣ እኛ እያለን ግድግዳ ምን ይይዝልዎታል? ይልቅ ያንን ጫፍ ያቀብሉኝ" አለኝ። አቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከእሱ፣ ከምሳ በኋላ ከልጅሽ ጋር ማጠፍ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወገቤ ትንሽ ተወኝ፤ አገጬ ሥር ሁልጊዜ የሚላጠው ቆዳም ዳነ። ከልጅሽ ጋር ስንወጥር ደግሞ በዚያኛው ጫፍ የአንቺ ፊት አለ፤ ያው ግንባር፣ ያው ኩስትር ማለት። ልጅ ሆነን አንዱን ብርድ ልብስ ስንጓተት የማየው ፊት። ለመድኩት። መልመዴ ነው የበደለኝ።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። እልልታሽ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። "ሰማሽ አይደል? የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አገኙ! እሱ ጥገና፣ እሷ እንግዳ መቀበያ፣ ቤቱም እዚያው ግቢ!" አልሰማሁም ነበር። አንድ ማእድ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋን፣ የእነሱን ወሬ የሰማሁት ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ስልክ ነው። ልጅሽን ብይዛት፣ "እትዬ፣ እንዳታዝኚ ፈርተን ነው። ማን ይንገራት ብለን ዕጣ ተጣጣልን፣ ለእሱ ወጣ፤ እሱ ደግሞ ይፈራሻል" አለችኝ። አብረሽን ነይም ብለውኛል፣ አልዋሽባቸውም። ግን ሌላ ከተማ ነው፣ ቤቱም አንድ ክፍል ነው፤ ሶፋ ላይ መጣጠፉ በገዛ ቤቴ ይበቃኛል። ሻንጣቸውን ሲያወርዱ ጠባቂው በር ይዞ ዐይኑን ጠረገ። አልጋዬ ተመለሰልኝ። ሰፍቶኛል።

ሰኞ ሥራ ስገባ አለቃችን ቀዳዳዎቹ አጠገብ መፍቻ ይዞ ቆሟል። በሌላ እጁ ባሎቼ አሉ፤ አማችሽ ለካ አልጣላቸውም፣ በወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አኑሯቸው ነበር። "እንግዲህ ወደ ድሮሽ" አለኝ አለቃችን እየሳቀ። አንሶላ አነሳሁና ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። የቀረው ወለሉ ላይ ተዘረረ። "ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። "ሰው" አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋ አጥርቼ ከማውቃቸው ቃላት አንዷ ናት። ጋሪው ሞላ፣ ሌላ ጋሪ መጣ፣ እሱ ጮኸ። ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ፣ እጄ ግን አልለቅም አለ። በመጨረሻ ተኳሿ ካውያዋን አስቀምጣ መጣችና ወለል ላይ የወደቀውን ጫፍ አነሳች። "ሁለቱንም ፈታሻቸው? አይ ጭካኔ!" አለችኝ። ማጠፍ አትችልበትም። ስንስብ ሁለታችንም እንስባለን፣ ስንለቅ ሁለታችንም እንለቃለን፤ እጥፋችን እንደ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። አለቃችን እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። መቆንጠጫዎቹን ግን ወደ መሳቢያው መልሷል።

ተጽናንታለች ብለሽ ደስ እንዳይልሽ፤ ይቅር አላልኩሽም። ልጅሽ በየሳምንቱ እንደምትደውልልሽ አውቃለሁ። ለእኔ በሁለት ሳምንት ነው። ስለ እኔ የምትልሽን ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ ምንም ካላለች ደግሞ ከራስሽ እንዳትፈጥሪ፣ አውቅብሻለሁ።

ባልሽን ሲስል አፉን ይሸፍን ብላለች በይልኝ። ትንሹን ልጅሽን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ወደዚህ ልልከው ነው እንዳትዪኝ ብቻ። ለአማትሽ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለሽ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ለዚያች አጥር ለአጥር ጎረቤትሽ ሰላምታዬን ስጫት፣ ደብዳቤዬን ግን እንዳታነቢላት። አንቺም ጉልበትሽን ጠብቂ። ብርድ ልብሱን ስንጓተት የምታሸንፊው ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ፤ ይኸው ዛሬም ልጅሽን ሰጥተሽ መልሰሽ ሳብሻት። ሳቢ። እኔ ግን ወደ ድሮዬ አልመለስም፤ ከእንግዲህ አንሶላ በአገጬ ይዤ አላጥፍም።

ታላቅ እህትሽ
ከአራተኛው ፎቅ፣ የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን