የገናው ጀሪካን

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። ያለህበት እንዴት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። እኛ አለን። ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ይህን የምጽፍልህ ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንተ አላፊ አግዳሚውን እያየህ ትቀመጥበት በነበረው የመስኮት ሥር ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች። ልነግርህ የሚገባ ከባድ ነገር አለኝ። ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን ግን ካንተ ስለወረስኩ በቤቱ ወሬ ልጀምር።

ሱቅህን አከራየነው። ባልዲና ሳፋ ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተሰቅሎበታል። ተከራዩ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ቢሆንም በሩ ላይ ተንጠልጥለው የነበሩት ሳፋዎች ሲወርዱ ሱቁ ፀጉሩን የተላጨ ሰው መሰለኝና ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። አንዳንድ ደንበኞችህ እስከ ዛሬ ጀሪካን ፍለጋ ይመጣሉ አሉ። ውሃችን እንደ ድሮው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ያውም ደስ ሲለው። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። እኔ ደግሞ የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ አሁን ሲከፈት አይጮኽም። ስንት ዓመት ሙሉ ቀቢው ስትለኝ እሺ እያልኩ የተውኩትን አሁን ለምን እንደቀባሁት ኋላ ይገባሃል።

ቢጫው ጀሪካንም አለ። ካቻምና የመረጥከው፣ የመጨረሻው።

እሱን ሳይ እስካሁን ሳቄ ይመጣል፣ አትቀየመኝ። ገና ሲቃረብ አዲስ ዕቃ ይመጣልህና ሱቅህ ውስጥ ቁጢጥ ብለህ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እየገለበጥክ በጣቶችህ ትመታቸው ነበር። አንዱን ጉንፋን ይዞታል ትለዋለህ፣ ሌላውን ደረቱ ጠባብ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ድምፁ የሞላልህን ስታገኝ ባንኮው ሥር ትደብቀዋለህ። ደንበኛ አይቶት ያንን ስጠኝ ካለህ ያፈሳል ብለህ ትዋሻለህ። እውነተኛው ከበሮ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለቤት ይህ ይበቃል ባይ ነበርክ። ያለፈው ዓመት ጀሪካን ከማዕረጉ ይወርድና ውሃ መያዣ ይሆናል። እማዬ ውሃ በጠፋበት ሳምንት አንድ ጤነኛ ጀሪካን ባዶውን መቀመጡ እያንገበገባት ስታጉረመርም፣ አንተ ገና እስኪያልፍ ጠብታ እንዳይገባበት ብለህ አልጋህ ሥር ታስገባዋለህ።

ከዚያ የገና ጠዋት ከአቦ ተመልሰን፣ ነጠላችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ አራታችንም ክብ ሠርተን እንቆማለን። ዶሮው እሳት ላይ ሆኖ እየሸተተን፣ መዝሙሩ ካላለቀ የሚቀርብ ነገር የለም። የአያቴን መዝሙር። አያቴ መንዝ ሳለች ለአንተ ያስተማረችህ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰምቼው የማላውቅ፣ በካሴትም በስልክም የሌለ፣ ከኛ ቤት በቀር የት እንደሚዘመር የማላውቀው መዝሙር። አንተ የመልአኩን ትወስዳለህ። እማዬ ሕፃኑን በትንፋሻቸው ያሞቁትን እንስሳት ትዘምራለች። ወንድሜ ብሩክ ወደ ቤተልሔም የሮጡትን እረኞች ይወስዳል፣ ድምፁም እግሩም አብሮ ይሮጣል። ለኔ የሚደርሰኝ የመጨረሻው ነው፤ በጎቹን ሊጠብቅ ወደ ኋላ የቀረው እረኛ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ ምን አያችሁ ብሎ የሚጠይቀው።

ስምንት ዓመቴ ላይ ይህን አልዘምርም ብዬ ማልቀሴን ታስታውሳለህ? ሁሉም ሲሄድ እኔ ለምን ከበግ ጋር እቀራለሁ ብዬ ነበር። አንተ ጀሪካኑን አስቀምጠህ እንባዬን በነጠላህ ጫፍ ጠረግህና፣ የቀረው ባይኖር የሄዱት ያዩትን ለማን ይነግሩ ነበር አልከኝ። አሳመንከኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል እንደ ሹመት ያዝኩት።

አሁን መንገዱ ሁሉ በገና ሰሞን ሌላ ነው። ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ በየሱቁ በራፍ መብራት የተጠመጠመበት የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል፣ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ተበትኗል፣ ከድምፅ ማጉያው የፈረንጅ የገና ዘፈን ይንቆረቆራል። አንተ ጥጡን ስታይ ላፍቶ ላይ በረዶ መች ወረደ ብለህ ባለሱቆቹን ታበሽቃቸው ነበር። ዘንድሮ አንዱ ባለሱቅ ጥጡን እያስተካከለ አባትሽ ቢኖር ዛሬ አይለቀኝም ነበር አለኝ። ሳቅሁለት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ግን እስክወርድ አለቀስኩ።

እንግዲህ ወደ ብሩክ ልምጣ።

የዛሬ ስድስት ዓመት የገና ጠዋት የሆነውን ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ብሩክ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ከሄደ ወራት አልፈውት ነበር፣ ሁላችንም እያወቅን እንዳላወቅን ሆነን ነበር። ያን ቀን ጊታር ይዞ መጣ። የአያቴን መዝሙር ከኛ ጋር ዘመረና ሲያበቃ፣ ራሱ የደረሰው የገና መዝሙር እንዳለው፣ እንድናደምጠው እንደሚፈልግ ነገረን። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ጀሪካኑን በእግርህ ገፍተህ ተነሳህ። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ በር ጊታር አይገባም አልክ። እሱም ያንተው ልጅ ነው፣ ጊታሩ ካልገባ እኔም አልገባም ብሎ ወጣ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ተከራየ፣ አገባ፣ ወለደ። አንድ ታክሲ መንገድ ነው አባዬ። እማዬ ዘመድ ጥየቃ እያለች ትሄድ ነበር፤ አንተም የት እንደምትሄድ እያወቅህ ሙዝ ገዝተህ በቦርሳዋ ትከትትላት ነበር። ብሩክ ግን አባዬ ራሱ ካልጠራኝ አልመጣም ባይ ነበር። ስትታመምም ይህንኑ አለ። ግትርነታችሁ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ነው።

አምና ታኅሣሥ፣ በገብርኤል ማግስት፣ እማዬ ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለ አልጋህ አጠገብ አስቀመጥከኝ። ኩላሊትህ እግርህን አሳብጦት ነበር። ለብሩክ ደውይለት አልከኝ። ለገና ይምጣ፣ ጊታሩንም ይዞ ይምጣ፣ ያን ያላስጨረስኩትን መዝሙር ይጨርስልኝ አልክ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርክ፣ ማልቀስህን እንዳላይ።

እሺ አልኩህ።

አልደወልኩም፣ አባዬ።

ስልኩን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ስሙንም አወጣሁት። ከዚያ ውስጤ አንድ ክፉ ነገር ተነሳ። እግርህን የማጥብህ እኔ፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተራ የምይዝ እኔ፣ እሱ ከወጣ ወዲህ የሱንም ክፍል ጨምሬ የምዘምር እኔ፤ አንተን የናፈቀህ ግን የሱ መዝሙር። አንድ ቀን እንኳ ያንቺን ደግሜ ልስማው ብለኸኝ አታውቅም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ቂሜ እስኪበርድልኝ ነው የጠበቅሁት፣ ጊዜ ያለን መስሎኝ።

የገና ዋዜማ ደወልሽለት ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አልደወልኩም ማለት አፈርኩ። አዎ ደውያለሁ፣ አይመቸኝም አለ አልኩህ። አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ነው። አንተ የብርድ ልብሱን ጫፍ ታፍተለትል ጀመርክ።

በማግስቱ ጠዋት ትራስ ደግፈንህ ተቀመጥክ። ጀሪካን መምታት አቅቶህ ነበር፣ እማዬ በጭብጨባ ያዘችልህ። ጎረቤት እየገባ እየወጣ እንኳን አደረሳችሁ ይለናል። የግቢው በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር አንገትህን ቀና ታደርጋለህ። አይመቸኝም ብሏል ተብለህም ትጠብቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀና ስትል፣ መልሰህ ስትጋደም አየሁህ። ያኔ እንኳ ወጥቼ ብደውል በአንድ ታክሲ ይደርስ ነበር። ውሸቴ እንዳይገለጥ ብዬ ማጀት ገብቼ ሰሃን አጠብኩ።

ከዚያ ቀለል አለህ፣ ተሻለው አልን። የካቲት ላይ፣ ለኪዳነ ምሕረት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እማዬ ልትቀሰቅስህ ገብታ ጮኸች። ብሩክ የመጣው ለቀብርህ ነው። በር ላይ ቆሞ ግባ እስኪባል ጠበቀ፣ ግባ የሚለው ሰው ግን ሬሳ ሆኖ ተጋድሟል። ከሳምንት በኋላ ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት። ድምፁን መስማት አልቻልኩም።

ዘንድሮ ሐዘን ላይ ስለሆንን መዝሙርም እልልታም የለም ብላ እማዬ አስቀድማ ነገረችን። ለልጆቿ ብላ ዶሮ ብቻ ሠራች። ብሩክ መጣ፣ ብቻውን፣ ያለ ጊታር። ተቀመጥን። ዶሮው እሳት ላይ ሆኖ ይሸታል። ድንገት ብሩክ ተነስቶ ማጀት ገባ። ቢጫው ጀሪካን ውሃ ሞልቶት ነበር፤ ውሃውን ሳፋ ላይ ገለበጠ፣ በሸሚዙ እጅጌ አደረቀው፣ አንተ በምትቆምበት ቦታ ቁጢጥ ብሎ ቀስ አድርጎ መታው። እማዬ ተው ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጨፈነች። ብሩክ ያንተን ክፍል ዘመረ። እማዬ የሷን በለሆሳስ አለች። ብሩክ እረኞቹን ይዞ ወደ ቤተልሔም ሮጠ። ከዚያ እጁን ሳያቆም ወደኔ ዞሮ ጠበቀኝ።

የኔ ክፍል ነበር፤ የቀረው እረኛ። እሱ አሁንም እየመታ ይጠብቀኛል፣ ፈገግ እያለ፣ አይዞሽ እንደማለት። አልቻልኩም። እንደቆምኩ ነገርኩት። ያልከኝን፣ ያልደወልኩትን፣ አንተን የዋሸሁህን፣ ሁሉንም።

እጁ ቆመ። መቼ ነው የነገረሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ በገብርኤል ማግስት አልኩት። ከዚያ እስከ ሞትህ ቀን በጣቱ ቆጠረ፤ ሃምሳ አራት ቀን። ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን አልረሳውም። እንግዲያው አባዬ እምቢ ያልኩት መስሎት ነው የሞተው ወይ አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጀሪካኑን ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ እማዬን ጉልበቷን ሳማት፣ ዶሮውን ሳይቀምስ ወጣ። በሩ አልጮኸም።

ስደውል አያነሳም። እማዬም በማግስቱ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ ለሱ የነገርሽውን ለአባትሽም ንገሪው አለች። ይኸው እየነገርኩህ ነው።

ይቅር በለኝ ልልህ አስቤ ነበር፣ እሱ ግን ላንተም አስቸጋሪ ነው፤ መልስ መስጠት አትችልም። ስለዚህ ማድረግ የምችለውን ልንገርህ። ነገ ጠዋት ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ ላፍቶ እሄዳለሁ። ሰው ታክሲ ውስጥ ውሃ ፍለጋ የምዞር ይመስለዋል፣ ይምሰለው። ብሩክ በሩን ይክፈት አይክፈት አላውቅም። ካልከፈተ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ከከፈተ ያንን ያላስጨረስከውን የራሱን መዝሙር እስከ መጨረሻው እንዲዘምረው እለምነዋለሁ፤ አንተም ሳትሰማው ሄድክ፣ እኔም ስንኙን እንኳ አላውቀውም። የሙት ዓመትህ ሲደርስ ደግሞ መቃብርህ ላይ ጊታር ይዞ ቢቆም፣ ማንም ምን ይበል፣ አጠገቡ የምቆመው እኔ ነኝ።

እስክሞት አልረሳህም፣ አባዬ። ጀሪካን ስታንኳኳ፣ ያፈሳል ብለህ ስትዋሽ፣ በጥጡ በረዶ ስትስቅ አስታውስሃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያንን የገና ቀን፣ አንገትህን ቀና ስታደርግ። በሩንም ደግሜ ዘይት አልቀባውም፣ እንደ ፈለገ ይጩኽ።

ብሩክ እምቢ አላለህም። ማንም አልጠራውም ነበር።

ልጅህ
ትዕግሥት