ለውሃ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፦ በእኔ ስልክ ከመዝገብ ስለጠፋችው ጎረቤቴ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎንና ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ፤ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤቴ አይቻለሁና ለእርስዎ አልመኝም።

እኔ ፊደልን ያለ አስተማሪ፣ ኮምፒውተርንም ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ከመጽሐፍ የተማርኩ ጡረተኛ መካኒክ ነኝ። ድርጅትዎ የውሃ መስመር ፈላጊዎችን በኦንላይን ፎርም እንደሚመዘግብ፣ ፎርሙም በቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር እንደተገናኘ ስሰማ በሰፈሩ ከእኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም። ማዶ የምትኖረው ጉልበቷ የታመመ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ግን «ጋሼ፣ ቀስ ብዬም ቢሆን ቢሮ ሄጄ በወረቀት ልመዝገብ፤ የሰው ፊት ካላየሁ አላምንም» ብላኝ ነበር። «የዘመኑን ነገር አታውቂም፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ ገሠጽኳት። ስልክ ስለሌላት በእኔ ቁጥር ሞላሁላት፤ በማግስቱም በዚያው ቁጥር የራሴን ሞላሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ፎርማችሁ ሁለቱንም ጊዜ «እናመሰግናለን፤ ምዝገባዎ ተሳክቷል» ስላለኝ አመሰግናለሁ። ዳታቤዛችሁ ሰውን በስልክ ቁጥር ብቻ እንደሚለይ፣ በአንድ ቁጥር ሁለተኛ ሰው ሲመጣም የመጀመሪያውን ፍቆ እሱን በቦታው እንደሚያስቀምጥ የነገረችኝ ግን ከአራት ወር በኋላ በቢሮአችሁ መስኮት ያገኘኋት ሠራተኛችሁ ናት። በአንድ እጁ እያመሰገነ በሌላው የሚደልዝ ማሽን በዕድሜዬ አላየሁም።

፪. ሰዎች ስልክ ሊዋዋሱ እንደሚችሉ ሰምቶ የማያውቅ ባለሙያ ፈልጋችሁ ማግኘታችሁን አደንቃለሁ። በእኛ መንገድ በአንድ ስልክ ለሦስት ቤት ይደወላል፤ ለእናንተ ግን ሦስቱ ቤት አንድ ሰው ነው። ፎርሙ የቤት ቁጥርም ጠይቆ ነበር፤ ለምን እንደጠየቀ እስካሁን አልገባኝም።

፫. ሠራተኛችሁ «አባቴ፣ ሲስተሙ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ያለችኝ በትሕትና ነው። እኔም ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ስንተኛ ፎቅ እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

፬. ይህኛው በእናንተ ላይ አይደለም፤ ቢሆንም አይዘለልም። ከፎርሙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «አንድ ስልክ ለአንድ ደንበኛ» የሚል ተጽፎ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ስለነበር አላየሁም ብል እዋሻለሁ። መመሪያ ሳያነብ ማሽን የሚነካን ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ስሰድብ የኖርኩ እኔ፣ ያቺን መስመር «ይህ ለማያውቁ ነው» ብዬ አለፍኳት።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧው እኔ ግቢ ገባ። ቆፋሪዎቹ እሷ በር ላይ ሲደርሱ ዝርዝራቸውን አይተው አለፏት። ቅዳሜ ቦዩ ይደፈናል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ እርስዎም አያውቁም። ከእኔ ቤት ቅጂ ብላት «ተራዬ ሲደርስ ከራሴ እቀዳለሁ» አለችኝ። ተራ እንደሌላት መናገር አቅቶኝ «ይደርሳል» አልኳት። አሁን ከቦኖው ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ ኮቴዋን ከሰማሁ፣ በራፌን እስክታልፍ ድረስ ቧንቧዬን እዘጋለሁ።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ድረስ የእኔ ስም ተሰርዞ የእሷ እንዲገባ፣ መስመሩም ከግቢዬ ተነቅሎ ወደ እሷ እንዲሻገር አመለክታለሁ። ስም መሰረዝ ዳታቤዛችሁ የለመደው ሥራ ነውና እንደማያስቸግራችሁ አምናለሁ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በጎረቤቱ ቦታ የተመዘገበ ታማኝ ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ከመለጠፌ በፊት ዛሬ ጠዋት ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት፤ እውነቱን ከእኔ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «ጋሼ፣ ለሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ሲጽፉ ለእኔ አንዲት ይቅርታ አጡ?» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ መርፌዋን ነቅላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ይቅርታ ለመጠየቅ አሁን የቀሩት እርስዎ ነዎት። ይህኛው ፎርም የለውም፤ በሯን ማንኳኳት ነው።