ዓባይ ማደሪያ አገኘ

መሪጌታ የኋላሸት፣

በማኅበራችን ዝክር ላይ በሰው ፊት አዋረድኸኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከዘራዬን ይዤ ለሽንት ስጣደፍ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለህ ማኅበርተኛውን አሳቅህ። ቅኔ ቤት ባልገባም ወንዙ እኔ፣ ግንዱ ከዘራዬ መሆኑ አልጠፋኝም።

እዚህ ሕንድ አገር ለመንቀጥቀጡ ብለው አንጎሌ ውስጥ ቀጭን ሽቦ፣ ደረቴ ላይ ከቆዳዬ ስር ባትሪ ቀበሩልኝ። ትናንት ሐኪሙ ሊፈትነኝ ፊኛዬን በቱቦ ውሃ እየሞላ መሣሪያውን አጠፋው። ወዲያው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ «ኧረ ልቀቁኝ፣ ሽንቴ መጣ!» ብዬ ጮኽሁ። መልሶ ሲያበራው ግን ከዚያ የበለጠ ውሃ ይዤ ዝም ብዬ ተኛሁ። «አባባ፣ ሽንትዎም ታዘዘልዎ» አለኝ አስተርጓሚው።

ስሜን እንኳ አጥርተው የማይጠሩ ሰዎች ራቁቴን አይተው አልሳቁም፤ አንተ ግን ጽዋ ተጣጥተን ሳቅህ። ስመለስ ቅዳሴውን እንደ ድሮዬ ሳልወጣ ቆሜ እጨርሳለሁ፤ አጠገቤ እንዳትቆም።

ይህን ፖስት ካርድ ያለ ፖስታ የላክሁት የደብረ ኤልያስ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ነው። የምጽፍበት ቦታ አለቀ። ያን ቀን ላልሳቀችው ባለቤትህ ለወለተ ሐዋርያት ሰላምታዬን አድርስ። ከእንግዲህ ይህን ነገር እኔ አላነሳውም፤ አንተም ለይቅርታ ብለህ እንዳታነሳብኝ።

ቢያድግልኝ