ስለላክኸው ፍሬን

ይድረስ ለምወድህና ለምቀናብህ ወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የሰው አገር ብርድስ እንዴት አደረገህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ የፊት ጥርሷ ተነቃንቋል ብለህ ነበር፤ ወለቀላት? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያመዋል፣ ሜዳ ላይ ግን ደህና ነው። አባባ ከሁላችንም ይሻላሉ። ለምን እንደሚሻላቸው እየቆየህ ታነበዋለህ።

ሳጥኑ ደርሷል። አባባ በስልክ እንደነገሩህ አውቃለሁ፤ ግን ስልኩን እሳቸው ከያዙት እኔ ጋ አይደርስም፣ ቢደርስም "ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ" ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ የኔን ወሬ በወረቀት ስማ።

ነገሩ የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። ያቺ አሮጌ መኪና ታምቡር ፍሬን መሆኗን ታውቃለህ። ውሃ ገብቶ ጎማውን አንቆ የሚያቆመው ሸራ ከራሰ በሁለት እግርህ ብትቆምበትም አትይዝም። አባባን ከዓይን ሐኪም ይዤ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ አቋረጥን፤ ከዚያ ፍሬኑን ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ የለም። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ያለውን የእንጨት አግዳሚ ሰብሬ ቆምኩ። እግዜር ሲጠብቅ የተቀመጠበት ሰው አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ አግዳሚውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዳቦ የፈለገ በበር ነው የሚገባው አለኝ። አባባ ቤት እንደገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ላንተ መደወል ነው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ለራሴ ሻይ አፈላሁ።

አንተም መቼም አትዘገይም፤ ለፊት ጎማዎች የሚሆን ዲስክ ፍሬን ከነሙሉ ዕቃው ላክህ። አባባ ሳጥኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን፣ ሳጥኑ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዲስኩን በእጁ እንዲመዝን ተደረገ። የጎረቤታችን ሚስት የድስት ክዳን መስሏት ወፍራም ነው፣ ጥሩ ነው ብላ መረቀችህ።

የገጠምነው እኔና መካኒኩ ነን። አንተ ስትሄድ ጋራዥ አልከፈተም ነበር፤ ችኮላ የሚባል ስለማያውቅ "ቀስ በቀስ" እንለዋለን። ከስፌት ቤት ስመለስና እሁድ እሁድ እየተገናኘን ሠራነው። መኪናዋን በክሪክ አነሳናት። ታምቡሩ ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር በመዶሻ እያባበልን አወረድነው። ዲስኩን አስገባን፣ እሱን በሁለት በኩል የሚቆነጥጠውን ብረት አሰርን፣ ቱቦውን ቀየርን፣ ከዘይቱ ውስጥ አየር አወጣን። ጥፍሬ ሥር የገባው ቅባት እስካሁን አልለቀቀም፤ ደንበኛ ነጭ ቀሚስ ሲያመጣ በጨርቅ ነው የምቀበለው። አባባ ወንበር አውጥተው አጠገባችን ይቀመጡና የልጄ ዕቃ እንዳይቧጠጥ ተጠንቀቁ ይላሉ። የልጄ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ የማን ልጅ እንደሆንኩ አሰብኩ።

ጎማውን ልንመልስ ስንል ጎማውን የተሸከመው አሮጌ ቸርኬ ጠቦ ከአዲሱ ብረት ጋር ተፋጨ። ሰፋ ያለ ቸርኬ ይሻላል አልኳቸው። እምቢ አሉ፤ መኪናዋ በዚህ ቸርኬ መጣች፣ በዚሁ ታረጃለች አሉ። ለመንኳቸው፣ አስረዳኋቸው፣ ጎማውን አሽከርክሬ የሚፋጭበትን ቦታ አሳየኋቸው። ወፍ የለም። በማግስቱ አንተ ደወልክ። እኔ ሳሎን ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ገና ሰላምታውን ሳትጨርሱ "ልክ ነህ ልጄ፣ ቸርኬው ካልተቀየረማ ምን ዋጋ አለው" አሉህ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው ወደኔ መጡና ቸርኬ ለምን መቀየር እንዳለበት ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አንጀቴ ቅጥል አለ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ሲባል ሰምቼ አልፈው ነበር፤ ለካ ልጡም ጠበሉም እዚሁ ቤት ነው። ቅናት ነው፣ ስሙን አላሳምረውም። አንተ በስልክ አንዴ ብታስል ቤቱ ሁሉ ሲጨነቅ ያድራል። እኔ ባለፈው ሰሞን ሳስል ስሰነብት "ውሃ ጠጪ" ነው የተባልኩት።

ሰፋ ያለው ቸርኬ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ እሁድ ዕለት እየዘነበ ልንሞክራት ወጣን፤ እኔ መሪ ላይ፣ አባባ ከጎኔ። እዚያው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ከመታጠፊያው ጋሪ የሚገፋ ሰው ብቅ አለ። ጋሪው ላይ የመስኮት መስታወት ጭኗል። ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል አፍንጫዋን ደፍታ ቀጥ አለች። የአባባ ኮፍያ ተስፈንጥሮ ዳሽቦርዱ ላይ ወደቀ። ሰውዬው መስታወቱን አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቆይቶ ሲገልጥ እኛ ከፊቱ ቆመናል።

አባባ ኮፍያቸውን አንስተው ደፉ። ከዚያ "ልጄ አዳነን" አሉ።

እኔን መስሎኝ ነበር። ምንም አይደል አባባ ልል አፌን ስከፍት "ያን ሳጥን ባይልክልን ኖሮ አልቀን ነበር" ብለው ጨረሱት።

የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወርጄ በዝናቡ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ የሞተር ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ከዓይናቸው ሕክምና ወዲህ መሪ ነክተው የማያውቁት አባባ ወደኔ ወንበር ተሻግረው እየነዱ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከጎኔ ጎኔ ይሄዳሉ። ግቢ አሉኝ፣ አልገባሁም። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ቢነፉባቸውም እንዳልሰማ ሆኑ።

"ስለሱ የማወራው ስለማላየው ነው" አሉኝ። "አንቺን ለማን ላውራሽ? ስወጣ አንቺ ነሽ፣ ስገባ አንቺ ነሽ።"

እርምጃዬን አፈጠንኩ። ግን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ ለካ የእጅ ፍሬኑን ሳይለቁ ነው የሚነዱት። የኋላው አሁንም ታምቡር ነውና ለሸራው አዘንኩለትና እሳቸውን አሸጋግሬ መሪውን ያዝኩ።  ቤት ስንደርስ እሳቸው ቀድመው ወርደው የግቢውን በር ከፈቱልኝ፤ ሁልጊዜ የምከፍተው እኔ ነበርኩ።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ያሉኝ ገብቶኛል፤ መረዳት ሌላ፣ መጥገብ ሌላ። ፍሬንህ ግን እውነትም ፍሬን ነው፣ እጅህ ይባረክ።

እማዬ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ ያዝ ብላሃለች። ቀስ በቀስ ሰላም ብሎሃል፤ የኋላውን ከላክህ በዝግታ እንሠራዋለን ይላል። ዳቦ ጋጋሪውም አዲስ አግዳሚ ከሠራሁለት ወዲህ ታርቆኛል። ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ትንሿን ልጅህን ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳምልኝ። የአባባን ሰላምታ አልጽፍልህም፤ እሱን በየቀኑ ታገኘዋለህ።

ከእንግዲህ ግን ዕቃ አትላክ፣ ራስህ ና። መጥተህ አጠገባቸው ተቀመጥ፣ ሐኪም ቤት አመላልሳቸው፣ በር ክፈትላቸው። ሰንበት ስትል ስምህ ከአፋቸው ይጠፋል። ያኔ እኔ ራቅ ወዳለ አገር ትንሽ ደርሼ እመጣለሁ፤ እስኪ ለኔም ይወራልኝ።

የቅርቧ እህትህ

ከአባባ ቤት፣ በክረምቱ መውጫ፣ ማክሰኞ