ጉድጓድ የገቡት ስዕሎች

ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ ሙህሲን፣ እንዴት ከርመሃል? ጅቡቲ የሱቅ ታፔላ እየጻፍክ ትኖራለህ አሉኝ።

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርህ። ሰረቅክ የተባልካቸውን አምስት ስዕሎች ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

መምህርህ ሙሉጌታ ሲሞት አሥራ ሁለት ስዕሎቹን ለዩኒቨርሲቲው መናዘዙን ታውቃለህ፤ ተሽጠው ቀለም መግዣ ላጡ ተማሪዎች እንዲውሉ። ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ትልልቆቹን አምስቱን ጠቅልዬ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩና እህል ሞላሁባቸው። እኛ ራያዎች ከወታደርም ከድርቅም የምንሸሽገው እዚያው አይደል? እህል ሦስት ዓመት የሚያቆይ ጉድጓድ ስዕል አያጠፋም ብዬ። ሰላም ሲሆን ስከፍተው ማሽላው ታምቆ ግሏል፤ ቀለሙ ለስልሶ ከፍሬው ጋር ተጣብቋል። ያ ጎረቤቶቻችን “ጋሼ፣ ይሄ ግመል ነው ወይስ ቃጠሎ?” እያሉ የሚያሾፉበት፣ እሱ “የዋጃ ቀትር ነው፤ አያቃጥላችሁም?” የሚላቸው ስዕል እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሁሉንም አነደድኳቸው።

ዩኒቨርሲቲው ልኮህ ስትመጣ የተረፉትን ሰባቱን ሰጠሁህ። “እትዬ፣ አምስት ይጎድላል እኮ” አልከኝ። “ያለው ይኸው ነው” አልኩህ። በደብዳቤ ሲጠይቁኝ ግን፣ ባላገር ሚስቱ አበሰበሰችው እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ “ሁሉንም ለላካችሁት ልጅ አስረክቤያለሁ” ብዬ ጻፍኩ። አባረሩህ። ወደ አገርህ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመህ “እትዬ ደመቀች፣ ደህና ነዎት?” ብለኸኝ ብቻ ሄድክ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፈሪሀ የምትባል የዋጃ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። በሰባቱ ሽያጭ በሚገዛው ቀለም ነው የምትማረው። “ከራያ ነኝ ስላቸው፣ ‘እንደዚያ እንደ ሙህሲን እንዳትሰርቅ ብሩሹን ቆጥራችሁ ስጧት’ ይሉኛል” ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የሙሉጌታን ደብዳቤዎች እያየሁ ለብቻዬ የተማርኩት ጽሕፈት ስለሆነ የፊደሌን መጣመም ታገሠኝ። ይህንኑ ቃል ገልብጬ ዛሬ ጠዋት ለዩኒቨርሲቲው በፖስታ ልኬዋለሁ። አንተን ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። አላህ ይጠብቅህ፤ እጅህን ቀለም አያሳጣው።

ይህን የአንተን ደብዳቤ ግን በገበያው ቀን ወደ ጎብዬ ይዤ እሄዳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት “የሌባ እናት” እየተባለች አንገቷን ደፍታ በርበሬ የሸጠች ሴት እዚያ አለች። ማንበብ ስለማትችል፣ ያ ሁሉ ገበያተኛ እየሰማ እኔው ቆሜ አነብላታለሁ። ከዚያ እሷ ትላክልህ። ወረቀቱን ከእጄ መጀመሪያ የምትቀበለው እናትህ መይሙና ናት።

የመምህርህ ባለቤት
ደመቀች