ደም የሚያቆሙት ቃላት

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? አባትህስ አዲሱን ሥራ ለመደው? አልበርታ ውስጥ ባሕር የሚባል ነገር የለም ሲሉ እሰማለሁ፤ ታዲያ ጠዋት ተነስታችሁ ምን ታያላችሁ? እኛ ደህና ነን። እናቴም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። ጭጋጉ ግን ሰኔን በሙሉ በልቶብናል።

ከሄድክ ወዲህ ትምህርት ቤት እንዴት እንደነበር አልጽፍልህም ብዬ ነበር። ክፉ ነበር። ዳሬልን ታውቀዋለህ፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ «አንቺ ስምሽን ተናግረሽ እስክትጨርሺ ዓሣው ይገማል!» ይልና ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። አንድ ቀን መምህሯም አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ከዚያ በኋላ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ሱቅ ስገባ እንኳ የምፈልገውን በጣቴ መጠቆም ጀመርኩ።

ልትሄድ ስትል የሰጠኸኝን ቃላት ግን አልረሳኋቸውም። የአያትህ ደም ማቆሚያ ድግምት ነው፣ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ ካልተላለፈ አይሠራም ብለኸኝ ነበር። ቁስሉን በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ በልብ ብቻ እንደሚባል ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ በልቤማ ተንተባትቤ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ለየቤታችን ኮድ የሚባለውን ዓሣ የምናጠምድበት ሰሞን ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ወደቡ ላይ ዓሣ ይሰነጥቃል። ዳሬል ወደ እኔ ዞሮ «ኮ-ኮ-ኮድ!» እያለ ሲያሾፍ ቢላዋው አዳልጦት የእጁ አንጓ ላይ ገባ። ደሙ ጠረጴዛውን አለበሰው። መሻገሪያዋ ጀልባ ገና መሄዷ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ማዶ ነው።

ሁሉም ይጮሃል፣ የሚነካው ግን የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ «ይፍሰስ» ብያለሁ። ከዚያ የእናቱን ጩኸት ሰማሁና አላስችል አለኝ። ሄጄ እጁን ያዝኩት። «ዝ-ዝ-ዝም በሉ!» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሻርፔን ጠቅልዬ ቁስሉ ላይ እየተጫንኩ ቃላቱን በልቤ አልኳቸው፤ አንዱም አልተሰናከለብኝም። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አልለቀቅኩም። ደሙ ቆመ።

ያን ጊዜ ዳሬል «አመሰግ...» ብሎ ሲጀምር ግማሹ ወደብ ዘለለበት! የደገመለትን ሰው ካመሰገነ ድግምቱ ይፈርሳል አይደል? እናቱ ዓሣ በዓሣ በሆነ እጇ አፉን አፈነችው። ጀልባዋ መጥታ ማዶ እስኪሻገር ድረስም አልለቀቀችውም። በማግስቱ ደጃችን ላይ አንድ ባልዲ የኮድ ምላስ፣ ያ የዓሣው ምርጥ ሥጋ፣ ተቀምጦ አገኘን፤ ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅንም።

ዳሬልን ጓደኛ አድርጌዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን አሁን ስናገር አይቀድመኝም። ፊቱ እየቀላ ይጠብቀኛል። ሱቅ ገብቼም ዱቄት በአፌ እጠይቃለሁ፤ የሚቸኩል ካለ ይቅደም።

ማክሰኞ አያትህን ላበስረው ሄድኩ። መረብ እየጠገነ ነበር። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ደም? ልጄ፣ እኔ እኮ የማውቀው የጥርስ ሕመም ድግምት ብቻ ነው። ደም የሚያቆም ሰው በዘራችንም አልነበረም። ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለኝ። ወሬውን ወደ ጭጋጉ መለስኩት። ሻይ አፍልቶልኝ ስለ አንተ ስናወራ አመሸን።

አንተን ምንም አልጠይቅህም። ትናንት ጎረቤታችን ነስር ያስቸገረውን ልጇን ይዛ መጣች፤ ለእሱም ቆመለት። የትም ብትሆን አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፤ የአባትህን ሥራ ይባርክለት፤ የሚስቅልህ እንጂ የሚስቅብህ አይግጠምህ።

አንድ ቀን እኔም ቃላቱን ለአንድ ወንድ ልጅ አስተላልፋቸዋለሁ። ከማን የመጡ ናቸው ብሎ ከጠየቀኝ የአያትህን ስም አልጠራም፤ ያንተን ነው የምጠራው።

ጓደኛህ