የፈረምኩት ምን እንደሆነ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

እርስዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ በር ሁሉም ደህና እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ። እኔ በምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የምሠራው አሸብር፣ ከፍርሃት በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በማታው ትምህርት ከሠላሳ አንድ ጎልማሶች ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ እትዬ ያለምወርቅ አንደኛ የወጡት ከፊት ስለሚቀመጡ ነው። አቤቱታዬ እንደሚከተለው ቀርቧል።

፩. ባለፈው ሰኞ ሠራተኛዎ ወረቀት ይዞ ወደ ተራችን መጣ። በጣቴ በማትምበት ዘመን ማንም የቢሮ ሰው ወረቀቱን ጮክ ብሎ ሳያነብልኝና «ገባህ?» ሳይለኝ አስፈርሞኝ አያውቅም። ሰኞ ግን የቀለሙን ሳጥን ሲያወጣ፣ ተራው ሁሉ እያየኝ «እስክሪቢቶ አምጣ ወንድሜ፣ እኔ የተማርኩ ነኝ» አልኩት። እሱም «ካነበብክማ እኔ ምን አደከመኝ» ብሎ እስክሪቢቶውን ሰጠኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ጫፉ ላይ እንደ ምድጃ እጀታ ይጠመዘዛል። ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ፣ ትቶልኝ ከሄደው ቅጂ ላይ ነው። ስለ እስክሪቢቶው ቸርነትዎ አመሰግናለሁ።

፪. ወረቀቱ «በመልሶ ማልማት ማዕቀፍ የተካተቱ ተጠቃሚዎች አስቻይ ሁኔታዎች በተሟሉበት አግባብ እስከ አርብ ድረስ ወደ ትግበራ የሚገባባቸው መሆኑን ተገንዝበው» እያለ ይወርዳል። አንድም ፊደል አላደናቀፈኝም። «አርብ» የሚለው ገብቶኛል። የቀረውን አስተማሪዬ ሰብለ ወንጌል ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀችና «አንተስ ምን መሰለህ?» አለችኝ።

፫. እኔ ስፈርም ያዩ አሥራ ስምንት ጎረቤቶቼ «ተማሪው ፈርሞ የለ እንዴ!» እያሉ ከሥሬ ፈርመዋል። አሁን ጋሽ ሙናዊር በየጠዋቱ «እህስ አሸብር፣ ያነሱናል ወይስ ያድሱልናል?» ይሉኛል፤ እኔም «በሂደት ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ይህን መልስ ያስተማረኝ የእርስዎ ቢሮ ስለሆነ እግዜር ይስጥልኝ። መዶሻዬ ግን ከቆርቆሮው ይልቅ አውራ ጣቴን ይመርጣል። ፋይል ያቀፈ ሰው ከሲኒማ ራስ በኩል ብቅ ሲል በርሜል ውስጥ እገባለሁ። ትናንት ከገባሁ በኋላ ሰውየው ሎተሪ አዟሪ ሆኖ ተገኘ፤ ያም ሆኖ ቶሎ አልወጣሁም።

፬. በዚያች አራት ክንድ ቦታ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ሦስት ልጆች አሳድጌባታለሁ። እሷ ከሄደች ሌላ የምገባበት የለኝም። እዚህ ላይ መቀለድ ስላልቻልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለዚህ ከአርብ በፊት አንድ ሰው ልከው፣ የፈረምነው ምን እንደሆነ በአፉ እንዲነግረን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ይህ ቸርነት ለተማረ ሰው የማይፈቀድ ከሆነ፣ ፊርማዬን ሰርዤ ወደ ጣቴ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፣ ስብሰባዎም አይጉደል እያልኩ ከበርሜሉ ውስጥ ሆኜ እጅ እነሳለሁ፤

አሸብር ይመኑ
የምድጃ ባለሙያ፣ የማታ ተማሪና የአሥራ ስምንት ጎረቤቶች አሳሳች

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ «ቆዩ» ከሆነ እንደ ልማድዎ አክብደው ይጻፉት፤ እስኪገባን ድረስ ሠርተን እንበላለን። «ውጡ» ከሆነ ግን የራስዎን ልጅ ከቤት በሚያስወጡበት አማርኛ ይጻፉልን፤ አለዚያ የሚያስረዳን ዶዘሩ ነው።